«ሜድ ኢን ኢታሊ» የሚል የ400 ዓመት ሳህን

ነገሩ በአንድ የኢንተርኔት የውይይት መድረክ ላይ የተካሄደ የጥያቄና መልስ ክር ነው፤ ክሩን የከፈተችው ሜሪላንድ የምትኖር አባል ናት። ባለቤቱ አርፎ ልጆቹ ዕቃውን በሙሉ አውጥተው ከሚሸጡበት ቤት ደርሳ ሦስት የጣሊያን ሸክላዎች በ40 ዶላር ገዛች፤ ፎቶ አንስታም ለጠፈች። አንደኛው ትልቅ የግድግዳ ሳህን ነው፤ ክንፍ ያላቸው፣ ጅራታቸው ወደ ቅጠልነት እየተለወጠ የሚጠቀለል ዘንዶዎች በቢጫ፣ በብርቱካንማና በሰማያዊ ተስለውበታል። ሁለተኛው ሆዱ ላይ አውራ ዶሮ ያለበት ጆግ ነው። ሦስተኛው የአበባ ማስቀመጫ ነው፤ ሰማያዊና አረንጓዴው ተዋህዶበታል፣ ገላው ዙሪያውን በትንንሽ ማኅተሞች ተረግጧል።

ሻጩ ሳህኑ 400 ዓመት ዕድሜ እንዳለው ነግሯታል። ጎረቤቷ ደግሞ ጆጉን አይታ ካንታጋሊ የተባለው የታወቀ የፍሎረንስ ሸክላ ቤት ሥራ ነው፣ ምልክቱም ዶሮ ነው ብላታለች። ጠያቂዋ ዕቃዎቹ ምን እንደሆኑና ስንት እንደሚያወጡ ማወቅ ፈለገች። በዓል ሲመጣ ሰላጣ ቢቀርብባቸው ችግር ይኖረው እንደሆነም እንደ ዋዛ ጣል አድርጋ አለፈች።

ምላሾቹን በየቁጥራቸው እተርካለሁ። አንዳንዶቹን በጅምላ አልፋለሁ፤ ምርቃትና ጭብጨባ ብቻ ናቸውና። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ምላሽ 1፦ ከዱባይ የጻፈች እህት ናት። ጠያቂዋን እንኳን ደስ ያለሽ ካለች በኋላ ቁርጥ ይህንኑ የመሰለ ሳህን በአንድ የሽያጭ ገጽ ላይ 2,200 ዶላር ተጠይቆበት ማየቷን ነገረቻት። ከዚያ በታች እንዳትሸጠው አደራ አለች።

ምላሽ 2፦ ሎስ አንጀለስ የሚኖሩ አዛውንት ናቸው፤ መድረኩ ላይ ሁሉም ጋሼ ይላቸዋል። የዱባይዋን እህት ቅን ልብ አመስግነው ሲያበቁ ቁጥሩን ግን አልተቀበሉትም። ሻጭ የጻፈው ዋጋ የሻጭ ምኞት ነው፤ መለኪያ የሚሆነው ገዢ ከኪሱ ያወጣው ነው። በትልልቆቹ የመገበያያ ገጾች ላይ የተሸጡትን ዕቃዎች ብቻ ለይቶ ማየት እንደሚቻል፣ ብዙ አጫራች ድርጅቶችም ያለፉ ጨረታዎቻቸውን ውጤት ለማንም ክፍት እንደሚያደርጉ አስረዱ። ባለ 2,200 ዶላሩን ሳህን ራሳቸው ገብተው ፈልገውት ነበር፤ ከተለጠፈ ቆይቷል፣ ገዢ ግን አላገኘም።

ምላሽ 3፦ ቨርጂኒያ ያለ አባል ነው፤ አሮጌ ዕቃ ገዝቶ በመሸጥ እንደሚተዳደር መድረኩ ያውቃል። ሰላምታም እንኳን ደስ ያለሽም የለም። የሦስቱንም ዕቃ ጀርባ ፎቶ እንድትለጥፍ በአንድ መስመር ጠየቀና ሄደ። አነጋገሩ ጎርበጥ ቢልም ከጠቅላላው ክር እጅግ ጠቃሚው መስመር ይህ ነው። የሸክላ ፊት የሚሳለው ለገዢ ዓይን ነው፤ ጀርባው ግን ከየት እንደመጣ፣ ለማን እንደተላከና ስንት እጅ እንዳለፈበት ሳይሸፋፍን ያወጣዋል።

ምላሽ 4፦ ጠያቂዋ ፎቶዎቹን ይዛ ተመለሰች። ከሳህኑ ጀርባ በቡናማ ቀለም፣ በብሩሽ፣ በእንግሊዝኛ «ሜድ ኢን ኢታሊ» ተጽፏል፤ ከሥሩ ቁጥር አለ። ሳህኑ የሚቀመጥበት ክብ እግር ላይ ሽቦ የሚያሳልፉ ሁለት ቀዳዳዎች ይታያሉ፤ እግሩ አንድ ቦታ ላይ ተሸርፎ ከነጩ ልባስ ሥር ቀላ ያለ ሸክላ ብቅ ብሏል። ጆጉ «ኢታሊ» እና ቁጥር ብቻ አለው። የአበባ ማስቀመጫው ላይም «ኢታሊ»፣ መሐሉ ላይ ጭረት ያለበት ቁጥር፣ እንዲሁም ተቀድዶ የቀረ የወረቀት ምልክት አለ።

ምላሽ 5፦ ነጋዴው ተመልሶ መጣ፤ በዚህ ጊዜ ምሕረት አላደረገም። የዛሬ 400 ዓመት የነበረ ጣሊያናዊ ሸክላ ሠሪ በእንግሊዝኛ የሚጽፍበት ምክንያት እንደሌለ፣ ኢጣሊያ የተባለ አንድ መንግሥትም በ1861 እንጂ ያን ጊዜ እንዳልነበረ አስታወሰ። ከዚያ ወደ ሕጉ ገባ። በ1890 የወጣው የአሜሪካ የቀረጥ ሕግ፣ በተለምዶ የማኪንሌይ ሕግ የሚባለው፣ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የተሠራበትን አገር ስም በእንግሊዝኛ እንዲይዝ አስገድዷል። በዚህ ስሌት ሳህኑ ከ1891 ወዲህ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ነው። ሳህኑ 400 ዓመቱ ነው ብሎ የነገራት ሰው የሸጠላት ሸክላ ሳይሆን ወሬ ነው ብሎ ደመደመ። ስለ ጆጉም በአንድ ዓረፍተ ነገር ተራ ነው አለ። ስለ ሦስተኛው ዕቃ ምንም አልጻፈም። ይህን ልብ በሉልኝ።

ምላሽ 6፦ ጋሼ ነገሩን ለዘብ አድርገው አስተካከሉት። የነጋዴው መከራከሪያ ትክክል ነው፤ ተገላቢጦሹ ግን አይሠራም። የአገር ስም ያለበት ሸክላ ብዙውን ጊዜ ከ1891 በፊት አይሆንም ማለት፣ የሌለበት ሁሉ ጥንታዊ ነው ማለት አይደለም። ሕጉ የአሜሪካ ነው፤ እዚያው ጣሊያን ለጣሊያናዊ የተሸጠ ዕቃ ምንም ላይጻፍበት ይችላል፣ አምና የተሠራም ቢሆን። የወረቀት ምልክት ተለጥፎበት በኋላ የተላጠም ሞልቷል። «ሜድ ኢን» የሚለው ቃል መጨመሩ ደግሞ ሳህኑን ወደ 20ኛው ክፍለ ዘመን የበለጠ እንደሚገፋው ጠቆሙ። ነጋዴውንም ወንድሜ ብለው ጠርተው እህታችን ጥያቄ እንጂ ስህተት አላቀረበችም አሉት። መልስ አልሰጠም።

ምላሽ 7፦ እኔ ደጋግሜ ያነበብኩት ይህን ነው። የጻፈችው በመካከለኛው ጣሊያን ፔሩጃ ከተማ አቅራቢያ አንዲት አሮጊት እያስታመመች ለብዙ ዓመታት የኖረች እህት ናት። ዴሩታ ከፔሩጃ ብዙ አትርቅም፤ ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ በሸክላ የምትተዳደር የኮረብታ ከተማ ናት። ዘንዶዎቹን ገና ስታያቸው አወቀቻቸው፤ ንድፉ እዚያ ራፋኤሌስኮ ይባላል። የንጉሠ ነገሥት ኔሮ ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሮም ውስጥ ሲገኝ፣ ግድግዳው ላይ ግማሽ እንስሳ ግማሽ ቅጠል የሆኑ ፍጥረታት ተስለው ታዩ። ሠዓሊው ራፋኤሎና ረዳቶቹ ያን ስልት ወስደው የቫቲካንን ሎጂያ (አንድ ጎኑ ክፍት የሆነ መተላለፊያ) አስጌጡበት፤ ሸክላ ሠሪዎችም ተቀበሉት። ዛሬም በዴሩታ አውራ ጎዳና ግራና ቀኝ ባሉ ሱቆች ይሳላል። ስለዚህ ንድፉን ማወቅ ዕድሜውን ማወቅ አይደለም። ሌሎች ከተሞችም ስለሚስሉት ሳህኑ የዴሩታ ነው ብሎ ለመማልም አይበቃም፤ ዴሩታ ሳይሆን አይቀርም ብላ አቆመች።

ይህን ካለች በኋላ አንድ ሥራ ቤት ውስጥ ቆማ ያየችውን ጻፈች። እዚያ የሚሳለው ሳህን አስቀድሞ አንድ ጊዜ በእቶን ተተኩሷል። ቆርቆሮና እርሳስ ያለበት ነጭ ፈሳሽ ውስጥ ተነክሮ ሲደርቅ ገጹ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ሠዓሊዋ በመርፌ የተበሳሳ ወረቀት አስቀመጠችበትና የከሰል ዱቄት በቋጠረች ትንሽ ጨርቅ መታ መታ አደረገችው፤ ወረቀቱ ሲነሳ ዘንዶው በጥቁር ነጠብጣብ ተሰልፎ ቀረ። ከዚያ ብሩሹ መጣ። ዱቄቱ ቀለሙን እንደነካው ይመጠዋል፤ ተሳስቶ ማጥፋት የለም፣ ስለዚህ እጅ አይንቀጠቀጥም፣ አይዘገይምም። የጠርዙን ክብ መስመር ለመሳል ሳህኑን በሚሽከረከር ገበታ ላይ አድርጋ ብሩሹን ዝም ብላ ያዘችው፤ መስመሩ ራሱ ዞሮ ተገናኘ። በሚገናኝበት ቦታ ላይ ቀለሙ ደራርቦ ጠቆር ይላል። ጠያቂዋ ያንን ድርብ ቦታ በሳህኗ ጠርዝ ላይ እንድትፈልግ ነገረቻት።

ምላሽ 8 እስከ 10፦ ከአዲስ አበባ አንድ ወጣት በእጅ የተሳለውን ታትሞ ከተለጠፈው እንዴት መለየት እንደሚቻል ጠየቀ። ጋሼ በአጉሊ መነጽር አሉት። ታትሞ የተለጠፈ ሥዕል ሲጎላ ብዙ ጊዜ እኩል የተደረደሩ ነጠብጣቦች ይሆናል፤ የብሩሽ ምት ግን ሲጀምር ወፍሮ ሲጨርስ ይቀጥናል፣ ቀለም የተጠራቀመበት ጫፍ አለው። ሁለት ተመሳሳይ ቅጠሎችን ጎን ለጎን ማስተያየትም ይረዳል፤ በፍጹም አንድ ከሆኑ እጅ አልሠራቸውም። የፔሩጃዋ እህት አንድ ነገር አከለች። በእጅ የተሳለ ነው የሚለው የጣሊያንኛ ጽሑፍ ራሱ በማኅተም የተመታ ሊሆን ይችላል፤ እውነት ቢሆንም እንኳ ስለ ዕድሜው የሚናገረው የለም። በዚህ መሐል ጠያቂዋ ድርቡን መስመር ማግኘቷን በደስታ ጻፈች፤ ከዘንዶው ክንፍ በላይ፣ ጠርዙ ላይ፣ የጥፍር ስፋት ያህል።

ምላሽ 11፦ የአትላንታ አባል የጎረቤቲቱን ሐሳብ ደገፈች። የካንታጋሊ ምልክት አውራ ዶሮ መሆኑን መጽሐፍ ላይ አይታለች፤ ጆጉም ዶሮ አለበት፤ ሌላ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ምላሽ 12፦ ነጋዴው ዶሮ የተሳለበትን ሁሉ ካንታጋሊ ካልን የአገሩን ምግብ ቤት ሁሉ ካንታጋሊ ልንለው ነው አለ። ምልክት የሚፈለገው ከሥር እንጂ ከሆድ ላይ አይደለም።

ምላሽ 13፦ ጋሼ ያንኑ በጨዋ ቃል ዘርዝረው አቀረቡት። ኡሊሴ ካንታጋሊ የቤተሰቡን የፍሎረንስ ሥራ ቤት የተረከበው በ1878 ነው። የኡርቢኖና የዴሩታ ከተሞችን፣ የደላ ሮቢያ ቤተሰብን፣ የቱርኳን የኢዝኒክ ከተማንም ጭምር የጥንት ሸክላ እያስመሰለ ይሠራ ነበር፤ እንግሊዛዊው የሸክላ ነዳፊ ዊሊያም ደ ሞርጋንም በ1890ዎቹ ንድፎቹን እዚያ አሠርቷል። ካንታጋሊ አስመስሎ ቢሠራም አላጭበረበረም፤ ከዕቃው ሥር ትንሽ ዶሮ ይሥል ነበር። የጠያቂዋ ጆግ ከሥሩ ዶሮ የለውም። ዶሮ እንደ ጌጥ ደግሞ በጣሊያን ገጠር ሸክላ ላይ የተለመደ ነው፤ በፑልያ ያለችው ግሮታልዬ በዶሮ ሳህኖቿ ትታወቃለች። ጆጉ ከየት እንደሆነ ከፎቶ ብቻ መወሰን እንደማይቻል ተናግረው ተዉት። መላሽ ሁሉ እዚህ ላይ ማቆም ቢያውቅ ክሩ በግማሽ ባጠረ።

ምላሽ 14፦ ማስመሰል መነሳቱን ሰበብ አድርጎ የሚላኖው አባል የፔዛሮውን ሸክላ ሠሪ የፌሩቾ ሜንጋሮኒን ታሪክ አመጣ። ሰውየው የጥንቱን ማዮሊካ፣ ማለትም በነጭ የቆርቆሮ ልባስ ላይ የሚሳለውን የጣሊያን ሸክላ፣ አስመስሎ በመሥራት የተዋጣለት ነበር። በ1925 ሞንዛ ላይ ለሚካሄደው ትርኢት ግዙፍ የሜዱሳ (በግሪክ ተረት ፀጉሯ እባብ የሆነው ፍጥረት) ፊት በሸክላ ሠርቶ አቀረበ፤ ለትርኢቱ ሲዘጋጅ ወደቀበትና ገደለው። ሜዱሳዋ ዛሬ ፔዛሮ በሚገኘው ሙዚየም ውስጥ አለች።

ምላሽ 15፦ አንድ ሰው ይህ ከጥያቄው ጋር ምን አገናኘው አለ። ስምንት ሰዎች ደግሞ የሜዱሳዋን ፎቶ ለመኑ። እኔም ከለማኞቹ ነበርኩ።

ምላሽ 16 እስከ 19፦ የሰላጣው ጥያቄ እስከዚህ ድረስ ተረስቶ ነበር። ያነሳችው ሲያትል ያለች ነርስ ናት፤ አነጋገሯም ጥብቅ ነው። የማዮሊካ ልባስ በታሪኩ እርሳስ ያለበት ነው። ሎሚ፣ ኮምጣጤና ቲማቲም ከልባሱ እርሳስ ሊያወጡ ይችላሉ፤ ልባሱ ሲሰነጣጠቅና ሲሸረፍ ደግሞ ይብሳል። ትንሽ እርሳስም ቢሆን የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። ዕድሜውና አሠሪው ያልታወቀ ሸክላ ግድግዳ ላይ እንጂ ማዕድ ላይ አይቀርብም። ቦስተን ያለ አባል እናቱ ዕድሜ ልካቸውን በእንዲህ ዓይነት ሳህን መብላታቸውንና ምንም አለመሆናቸውን ጻፈ። ነርሷ የእናቱ ደም ተመርምሮ እንደሆነ ጠየቀችው። ሰውየው ተቆጣ፤ እናትን ወደ ክርክር ማምጣት ነውር ነው አለ። ያመጣቸው ግን እሱ ራሱ ነበር፤ ይህንንም ሁለት ሰዎች አስታወሱት። ሌላው መላሽ ቤት ውስጥ የሚሠራ መመርመሪያ እንዳለ ጠቆመ። ነርሷ መመርመሪያው እርሳስ የለም ቢል እንኳ ለመብላት ማረጋገጫ እንደማይሆን ገልጻ ጨረሰች። ጠያቂዋ አመሰገነቻት፤ ሰላጣው በመስታወት ሳህን እንዲቀርብ ተወሰነ።

ምላሽ 20 እስከ 22፦ የአዲስ አበባው ወጣት ሁለተኛ መጣ። አያቱ ቤት በጣሊያን ጊዜ የተገኘ ሳህን አለ፤ ከሥሩ «ሪቻርድ ጂኖሪ» የሚል ማኅተም አለበት፤ እሱስ ስንት ያወጣል? ጋሼ ደስ ብሏቸው መለሱ። የጂኖሪ ፋብሪካ ፍሎረንስ አጠገብ ዶቻ ላይ በ1735 የተመሠረተ ነው፤ ሪቻርድ ከሚባለው የሚላኖ ኩባንያ ጋር የተዋሐደው በ1896 ስለሆነ ሁለቱ ስሞች አንድ ላይ ከተጻፉ ዕቃው ከዚያ ወዲህ ነው። አርክቴክቱ ጆ ፖንቲ ከ1923 እስከ 1930 የፋብሪካው የጥበብ ኃላፊ ነበር፤ የእሱ ንድፍ የሆኑት ትልቅ ዋጋ አላቸው። የተራው ቀን ነጭ ሳህን ግን በሺህ የሚቆጠር ሆኖ የወጣ የፋብሪካ ምርት ነው፣ በእጅም አልተሳለም። ዋጋው ከገበያው ይልቅ ከአያት እጅ መምጣቱ ነው አሉት። እዚህ ላይ አንዱ ተነስቶ በወረራው ዘመን የመጣ ዕቃ ቤት ውስጥ መቀመጥ አለበት ወይስ የለበትም የሚል ሙግት ጀመረ፤ ሌላው ያኔ የተሠራውን መንገድስ ልንቆፍረው ነው ወይ አለ። አወያዩ ሁለቱንም ወደ ሌላ ክር ላካቸው።

ምላሽ 23፦ የዱባይዋ እህት ተስፋ አልቆረጠችም። በስኮትላንድ ሜልሮዝ አጠገብ ባለ አንድ የገጠር ቤት መሳቢያ ውስጥ የተገኘ ሳህን በ2020 ኤድንበራ ላይ ከ1.2 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ መሸጡን አመጣች። እውነት ነው፤ የታወቀው የ16ኛው ክፍለ ዘመን የሸክላ ሠዓሊ የኒኮላ ዳ ኡርቢኖ ሥራ የሆነ፣ ሳምሶንና ደሊላ የተሳሉበት የ1520ዎቹ ማዮሊካ ነው። መሳቢያ ውስጥ ሚሊዮን ከተገኘ ሜሪላንድ ውስጥ ለምን አይገኝም የሚለው ጥያቄዋ ብዙ ወዳጅ አፈራላት።

ምላሽ 24፦ ነጋዴው ኒኮላ ዳ ኡርቢኖ «ሜድ ኢን ኢታሊ» ብሎ የፈረመበት ሳህን ካለ እሱ ራሱ ሚሊዮኑን እንደሚከፍል አስታወቀ። የሳቁ ብዛት ተቆጥሮ አያልቅም ነበር። ከሳቁት መካከል ግን ጠያቂዋ አልነበረችም።

ምላሽ 25፦ ለምን እንዳልሳቀች ራሷ ጻፈች። ነጋዴው ከአምስተኛው ምላሽ በኋላ በግል መልእክት ልኮላት ነበር። ሦስቱም ዕቃ ተራ መሆኑን ደግሞ፣ ድካሟ በከንቱ እንዳይቀር ሁሉንም በ60 ዶላር አንሥቶ ሊገላግላት ፈቃደኛ መሆኑን ገለጸላት። ቅዳሜ ራሱ መጥቶ ይወስዳል። ባለ 40 ዶላሩን በ60 መሸጥ ክፉ አልመሰላትም ነበር። ያስጠረጠራት ችኮላው ነው።

ምላሽ 26፦ ጋሼ ወደ ላይ ተመልሰው አነበቡ፤ ሌሎቻችን ያላየነውንም አዩት። ሰውየው ስለ ሳህኑ አንድ ድርሰት ጽፏል፣ ስለ ጆጉም ሁለት ጊዜ ተናግሯል፤ ስለ ሰማያዊው የአበባ ማስቀመጫ ግን አንድ ቃል አልተነፈሰም። ይህን ያህል የሚያውቅ ሰው እሱን የማያውቅበት ምክንያት አይታየኝም አሉ። ከዚያ የዕቃውን ስም ጠሩት። ቢቶሲ የተባለው የጣሊያን ሸክላ ቤት ሪሚኒ ብሉ ብሎ ከሚጠራው ተከታታይ ሥራ ጋር አንድ ይመስላል፤ ንድፉ የአልዶ ሎንዲ ነው፤ ሥራ ቤቱ ፍሎረንስ አጠገብ ሞንቴሉፖ ፊዮሬንቲኖ ውስጥ አለ። ከሦስቱ ዕቃዎች ገበያ ያለው ይህ ነው።

ምላሽ 27 እስከ 32፦ ከዚህ በኋላ ያለው ጠብ ነው፤ ሁሉንም መተረክ አይገባም። ሌባ ያለው አለ። ሌባ የሚለው ቃል ይነሳልኝ ያለም አለ። የቦስተኑ ሰው፣ ከነርሷ ቁስሉ ገና ያልሻረው፣ ነጋዴውን ደገፈ፤ ገዢ ዕቃ ባወቀ ቁጥር ዋጋ ይጨምር የሚል ሕግ መርካቶም የለም፣ ኒው ዮርክም የለም። ነጋዴው ራሱ መልሶ ማንም ለዕውቀቱ ከፍሎት እንደማያውቅ፣ ለሃያ ዓመት በነፃ ሲመልስ መኖሩን፣ ቤት ኪራዩን ግን በነፃ የሚከፍልለት አለመኖሩን ጻፈ። ይህ ቅሬታው ሐሰት አልነበረም። የፔሩጃዋ እህት አንድ አጭር መልስ ሰጠችው፤ መግዛት መብቱ ነው፣ ግን ገዢ መሆኑን አስቀድሞ መናገር ነበረበት።

የእኔም ሐሳብ ከእሷ ጋር ነው። ሰውየው በዚህ ክር ላይ አንድም የተሳሳተ ነገር አልጻፈም፤ ሕጉም ዘመኑም ልክ ነበር። የሚያስፈራውም ይኸው ነው። ውሸታም ገማች ዛሬ ወይም ነገ ይጋለጣል፤ እውነቱን መርጦ የሚናገር፣ የሚያዋጣውን ግን የሚውጥ ሰው እምነታችንን አትርፎ ይሄዳል። ገማች ከሆንክ አትግዛ፣ ገዢ ከሆንክ አትገምት። በአጫራች ድርጅትም ይሁን በመድረክ ላይ፣ ሁለቱን ባርኔጣ ባንድ ራስ ደርቦ ዋጋ የሚናገረውን ሰው እኔ አልሰማውም። አወያዩም በዚያው ቀን ደንብ አወጣ፤ በአንድ ክር ላይ ዋጋ የገመተ አባል ለጠያቂው የግዢ ጥያቄ በግል እንዳይልክ።

ምላሽ 33፦ ነጋዴው መድረኩን ጥሎ ይሄዳል ብለን ነበር። አልሄደም። ስለ አበባ ማስቀመጫው ያልጻፈውን ሁሉ ጻፈ፤ ከክሩም ውስጥ የሠለጠነው መልስ ይኸው ሆነ። ቢቶሲ በዚያ ዘመን ወደ አሜሪካ በላካቸው ብዙ ዕቃዎች ላይ ስሙን አልጻፈም፤ ያለው «ኢታሊ» እና ቁጥር ነው፣ ቁጥሩም በጭረት ተከፍሎ ይመጣል። ወደ አሜሪካ ያስገቡት ከነበሩት አንዱ ሬይሞር ነው፤ የእሱ የወረቀት ምልክት ሙሉ ሆኖ ተለጥፎ ቢገኝ ዋጋው ከፍ ይል ነበር፤ የተቀደደው ግን ምንም አይመሰክርም። ማኅተሞቹ ሸክላው ርጥብ ሳለ አንድ በአንድ በእጅ ስለሚረገጡ ጥልቀታቸው አይስተካከልም፤ ሰማያዊው ልባስ ጉድጓዱ ውስጥ ሲጠራቀም ይጠቁራል፣ ጠርዙ ላይ ሲሳሳ ወደ አረንጓዴ ያደላል። በአካባቢው ያሉ ሌሎች ሥራ ቤቶችም ሰማያዊውን አስመስለዋል፤ ቢቶሲ ራሱም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ይሠራዋል፣ አዲሶቹ ግን የኩባንያውን ስም ይይዛሉ። ሞንቴሉፖ ውስጥ ኩባንያው ቤተ መዛግብትና ሙዚየም ስላለው ቅርጹን ከዚያ ጋር ማመሳከር ይቻላል።

ጠያቂዋ ሁለት ነገር እንድታደርግም ነገራት። ማስቀመጫውን በመዳፏ ላይ አቁማ በጥፍሯ ቀስ ብላ ትምታው፤ ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው፣ ከታፈነ የማይታይ ስንጥቅ ሊኖርበት ይችላል። ከዚያ ጨለማ ክፍል ውስጥ በአልትራቫዮሌት መብራት ትየው፤ በኋላ የተቀባ ጥገና ካለ ብዙ ጊዜ ከቀሪው ተለይቶ ይታያል። ደህና ከሆነ ለአንድ ሰብሳቢ ከ250 እስከ 350 ዶላር ይሸጣል፤ ለነጋዴ ከሆነ የዚያን ግማሽ ያህል መጠበቅ አለባት፣ ነጋዴ የሚኖረው በልዩነቱ ነውና። ሳህኑን 80፣ ጆጉን 25 አለው። የታወቁት የጣሊያን ሸክላ ሠሪዎች የጉይዶ ጋምቦኔ ወይም የማርቼሎ ፋንቶኒ ፊርማ ከሥሩ ቢኖር ኖሮ ሌላ ወሬ እናወራ ነበር ሲል ጨመረ።

ምላሽ 34፦ ጋሼ ብቻ አመሰገኑት። ሳህኑን 80 ማለቱን ትንሽ አበዛኸው አሉት እንጂ በቀረው ተስማሙ።

ምላሽ 35፦ ጠያቂዋ ማስቀመጫውን መታችው፤ ጥርት ብሎ ጮኸ። መብራቱንም ከጎረቤት ተውሳ አየችው፤ ጥገና የለውም። ሳህኑን ለራሷ አስቀርታ በእግሩ ቀዳዳዎች ሽቦ አሳልፋ ሰቅላዋለች፤ ጠርዝ የሚነክሰውን ባለ ስፕሪንግ መስቀያ እንዳትገዛ የፔሩጃዋ እህት አስጠንቅቃት ነበር። ከዚያ በሕዝብ ፊት ወደ ነጋዴው ዞረች። ማስቀመጫውን እሱ ከፈለገው በ200 ዶላር ልትሰጠው ትችላለች፤ ለነጋዴ ከሚገባው በላይ ቢሆንም የስድሳው ቅጣት ተጨምሮበት ነው።

ምላሽ 36፦ ነጋዴው 170 አለ።

ምላሽ 37፦ 190 አለችው፤ መጥቶ የሚወስድም ከሆነ ቅዳሜ እንዳይሆን፣ ቅዳሜ ሥራ አለባት። ቀሪው ድርድር በግል ነው የተካሄደው፤ ክሩ ላይ አልወጣም።